ትከሻዬ ላይ የቀሩት ጣቶች

ሰው ሁሉ የስደት ታሪኩን ሲጀምር «በዚያች ጨለማ ሌሊት» ይላል። እኔ ሌሊቱንማ ነቀምቴ አክስቴ ቤት ሻንጣ ስፈታና ስቋጥር አነጋሁት፤ የወጣሁት በጠዋት ነው። ጭጋጉ ከመናኸሪያው ቆርቆሮ ላይ ገና አልተነሳም፤ ረዳቱ ግማሹ ባዶ በሆነ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ፊንፊኔ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይዋሻል። አገሬ የሸኘችኝ በዚህ ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ የሰማኋቸው ውሸቶች ሁሉ ከሱ የባሱ ስለሆኑ አሁን ሳስበው እንኳ ይናፍቀኛል።

እናቴ ልትሸኘኝ መጥታለች። ሃርሜ ነው የምላት። ዲጋ ገበያ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥርና ቅቤ ትሸጣለች፤ ጸሎት ከጀመረች ደግሞ ሹፌርም መንግሥትም አያስቆማትም። እጇን ራሴ ላይ ጭና ከአዳም ተነስታ ወደ እኔ ስትወርድ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። «ኢንተለ ኮ፣ ነጋአን ጋሊ» አለችኝ በመጨረሻ፤ ልጄ፣ በሰላም ግቢ ማለቷ ነው። ከጎኗ አንገቱን ደፍቶ የቆመው አሰልጣኜ ኮች ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ግን እሷ በጨረሰች ቁጥር «አሜን» ይል ነበር።

ኮች ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ወላጆቹ ከወሎ ወጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው። እሱ እዚያው ተወልዶ ኦሮምኛን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል፤ ሲናደድ ብቻ ወሎ ይሆናል። ነቀምቴ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ቡድን ከምንም አንስቶ ቡድን ያደረገው እሱ ነው። እኔን ሌንሴን ያገኘኝ ደግሞ የዲጋ መንገድ ላይ ቅቤ ተሸክሜ ለአውቶቡስ ስሮጥ ነው፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ እሱ ግን አላመለጠኝም።

አሠለጣጠኑ እንዲህ ነበር። ከነቀምቴ ወደ ዲጋ ስትወርዱ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። እዚያ ድረስ ያወርደንና ከሥሯ ካለው ምንጭ አንድ አንድ ጉንጭ ውሃ ያስጎነጨናል። መዋጥ የለም። ውሃውን በአፋችን ይዘን፣ በአፍንጫችን እየተነፈስን፣ ያንን ዳገት እስከ ከተማው ጫፍ መውጣት ነው። እሱ በሞተር ቀድሞን እላይ ይጠብቃል። ደርሰን እግሩ ሥር እንተፋዋለን። ውሃውን የተፋ ስሙ ይጠራል፤ «ሌንሴ!» ይላል ጮክ ብሎ፣ ሜዳልያ የሚያጠልቅልኝ ይመስል። የዋጠ ግን ተመልሶ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። «ኮች፣ ትን አለኝ» ብሎ ነገር የለም። «አብሽሪ፣ ድልድዩ አልሄደም፣ እዚያው ነው» ይልሻል እንጂ አያዝንልሽም።

ያን ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሃይላንድ ውሃ ሰጠኝ። «ከምንጩ የቀዳሁት ነው» አለኝ። «አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ተጎንጪውና የሰው አገር መሬት ስትረግጪ ተፊው። ከዚያ ደውይልኝ፣ ስምሽን እጠራልሻለሁ።»

ሃይላንዴ ከቦሌ አላለፈም። ፈታሿ «ወይ ጠጪው ወይ ጣይው» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ አንድ ጉንጭ ያዝኩና የቀረውን ጣልኩት። ቀጥሎ ያለው ሠራተኛ ፓስፖርቴን እያገላበጠ «የምትሄጂበት ምክንያት?» ሲለኝ ጉንጬን ነፍቼ አየዋለሁ። «እህት፣ ምክንያትሽ ምንድን ነው?» አሁንም አየዋለሁ። «ታመሻል እንዴ?» ራሴን ነቀነቅኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሰውዬው ስልክ አነሳ። ያኔ ዋጥኩት። «ለውድድር ነው» አልኩ።

ለምን ሄድሽ ለምትሉኝ፣ ሯጭ መንገድ ሲዘጋበት ምን ይሁን? በዚያ ዘመን ወለጋ ውስጥ ጎህ ሲቀድ የሚሮጥ ሰው ሯጭ አይባልም ነበር። አንድ ቀን የዲጋ መንገድ ላይ ወታደር አስቆመኝና «ከማን ነው የምትሸሺው?» አለኝ። ልምምድ ነው አልኩት፤ አልገባውም። በሌላ ቀን ደግሞ መለዮ የሌላቸው አስቆሙኝና «ወደ ማን ነው የምትሮጪው?» አሉኝ። ለነሱም ልምምድ ነው አልኳቸው፤ እነሱም አልገባቸውም። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ወርቅ ያገኘሁት ልጅ በዶርሚተሪ ኮሪደር ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ስጀምር ኮች አንድ ማናጀር አፈላልጎ ጀርመን የጎዳና ሩጫ አገኘልኝ። «ሩጪና እዚያው ቅሪ» አለኝ። ይህንን ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ሮጥኩ፣ ቀረሁ። አሁን ወደ ቢሮዎቹ እንግባ።

የስደተኛ ጉዳይ የሚመረምረው ሰውዬ መነጽሩን እየጠረገ ጠበቀኝ። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እሱም ከኔ በላይ የፈራ ይመስላል።

«ሯጭ ነኝ ትያለሽ።»

«አዎ።»

«ቴርሚንሽ ላይ ግን ዘገየሽ።» ቴርሚን ማለት ቀጠሮ ነው፤ እዚህ አገር እግዚአብሔርም ያለ ቴርሚን አይገኝም።

«ባቡሩ ቀረ።»

«አገርሽ ውስጥ በነፃነት ትሮጪ ነበር?»

«እስከ ኬላው ድረስ።»

ጻፈ። «ከኬላው በኋላስ?»

«ኬላው ጋ ስደርስ እቆማለሁ።»

«ስለዚህ የቆምሽው በራስሽ ፈቃድ ነው።»

አስተርጓሚው በአማርኛ «እህቴ፣ ዝም ብለሽ አልቅሺ» አለኝ በሹክሹክታ። እንባ እንቢ አለኝ። ከዚያ ሰውዬው ናሐቫይስ ጠየቀኝ፤ ማስረጃ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደተማርኩና ለሱ እንደሮጥኩ የሚያሳይ። ወደ ነቀምቴ ደወልኩ፣ አስደወልኩ፣ ሃርሜ ገበያዋን ትታ በር ለበር ዞረች። መልሱ «እንዲህ የምትባል ልጅ ፋይል አልተገኘም» ሆነ። ይህቺን አስታውሱልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንደምንም የመኖሪያ ወረቀት አገኘሁ፤ ጣሪያው ሥር ያለች ክፍልም ተከራየሁ። አከራዬ ፍራው ክሩገር ትባላለች፤ የቤቷ ሃይማኖት ሉፍተን ነው። ሉፍተን ማለት መስኮት መክፈት ነው፣ በረዶ ቢወርድም፣ ጠዋትና ማታ፣ ግድግዳው እንዳይሻግት። በገንዘቤ ያሞቅሁትን አየር ወደ ውጭ ለቅቄ ብርዱን በነፃ አስገባለሁ። አንድ ቀን ሃርሜ የላከችልኝን ቅቤ ሳነጥር ፍራው ክሩገር በሬን ደበደበችው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቅቤ ነው።»

«ቅቤ አይሸትም።»

«የእናንተ አይሸትም።»

«ታዲያ የማይሸተውን ለምን አትጠቀሚም?»

መስኮቱን ከፈትኩ። የወለጋን ቅቤ ሽታ እንዲህ አድርጌ በመስኮት ለጀርመን ለቀቅሁት፤ ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም።

ምግቡ ድንች ነው። ስሙ ካርቶፍል ይባላል፤ ተቀቅሎም፣ ተጠብሶም፣ ተፈጭቶም ካርቶፍል ነው። ስልጠው ስልጠው አንጮቴ አይሆንልኝም። ዝናቡም የኛ ዓይነት አይደለም። የነቀምቴ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ደብድቦ የልቡን አድርሶ ይሄዳል። የዚህኛው ቀኑን ሙሉ ደጃፍሽ ላይ ቆሞ እንደሚያማሽ ጎረቤት ነው፤ ሲያንሾካሹክ ይውላል። ሥራዬ አልተንሃይም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አዛውንቶችን በተሽከርካሪ ወንበር አናፍሳለሁ። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ በየቀኑ «ላንግሳም፣ ላንግሳም» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ነቀምቴ ላይ ሴት ቀድማኝ አታውቅም፤ እዚህ ቀስ ማለት መተዳደሪያዬ ሆነ። ሩጫውን ከተውኩት ቆይቷል።

እንዲህ እያልኩ ስኖር ነው አንድ ቅዳሜ ስልኬ የጮኸው።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተሎ! አቶ ገመቹ እባላለሁ፣ ከዩኒቨርሲቲያችሁ» አለ አንድ የደስ ደስ ያለው ድምፅ፤ ሰላምታው እንዴት ነሽ ልጅት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያወራነው በኦሮምኛ ነው፤ ሁላችሁም እንድታነቡት ብዬ በአማርኛ አሰፍረዋለሁ። የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ታሪክ ባለውለታዎች ለማክበር ኮሚቴ ተቋቁሟል። የክብር ግድግዳ ተሠርቷል። ምርጥ ስፖርተኞችና አሰልጣኞች ፎቷቸው ይሰቀላል፣ ካባ ይደረብላቸዋል፣ ሽማግሌ ይመርቃቸዋል። እኔም ተመርጫለሁ።

«ፋይሌ ተገኘ እንዴ?» አልኩት።

«የቱ ፋይል?»

«ተዉት።»

ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ለመርማሪው እንቢ ያለው እንባ ለአቶ ገመቹ ወረደለት። አሰልጣኞችም ይከበራሉ ሲለኝ ደግሞ ኮች ሰይድን አየሁት፤ ካባው ትከሻው ላይ ሰፍቶበት፣ አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ።

በማግስቱ አቶ ገመቹ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ «እንዴት ነው፣ አላማረም?» ብሎ። ወርቅ ያገኘሁ ቀን የተነሳሁት ነው። ፎቶውን ስለማውቀው ዓይኔ ቀጥታ ወደ ግራ ሄደ። በዋናው ፎቶ ላይ በግራዬ ኮች ሰይድ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሏል። በዚህኛው ላይ የለም። ቆርጠውታል። የቆረጠው ሰው ግን እኔን ላለመጉዳት ተጠንቅቆ ኖሮ ትከሻዬ ላይ አራት ጣቶች ቀርተዋል። ባለቤት የላቸውም። ደወልኩ።

«አቶ ገመቹ፣ አሰልጣኜስ?»

«አሰልጣኞችማ አሉ፣ ተመርጠዋል።»

«ኮች ሰይድን ነው የምልዎት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «መስፈርት አለ፣ ሌንሴ። ሳያቋርጥ ያገለገለ ይላል። እሱ ሥራውን በራሱ ፈቃድ ጥሎ ሄዷል።»

በራሱ ፈቃድ! ይህንን ቃል ጀርመን ውስጥ ከመነጽራሙ ሰውዬ አፍ ሰምቼው ነበር፤ ነቀምቴ ድረስ ቀድሞኝ እንደሚሄድ አላወቅሁም። ኮች የሄደው እንዲህ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ጊዳ አያና ነደደ። የነሱም ወገን ቤት ተቃጠለ፣ የኛም ወገን ቤት ተቃጠለ። ማን ጀመረ የሚለውን እዚህ ያለ አበሻ ሻይ ላይ ሲከራከርበት ይውላል፣ ለእኔ ግን የነደደው ሁሉ የሰው ቤት ነው። ኮች እናቱንና ልጆቹን ሊያወጣ ሄደና መመለሻ መንገድ አጣ። ዞሮ ዞሮ ደብረ ብርሃን መጠለያ ገባ። ከወሎ የመጡት ወላጆቹ እንጂ እሱ እንዳልሆነ የሚነግርለት ሰው አልነበረም፤ «ወደ አገርህ ተመለስክ» ብለው ተቀበሉት። ዛሬ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ይሠራል።

«እኔስ ጥዬ አልሄድኩም?» አልኩት አቶ ገመቹን።

«አንቺማ ውጭ አገር ነው የሄድሽው!» አለ ከልቡ ተገርሞ። «አንቺ አምባሳደራችን ነሽ። እሱ ተፈናቃይ ነው።»

ተንኮል የለውም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። በድምፁ ውስጥ ክፋት ፈልጌ አጣሁ። ሸሽቶ ባሕር የተሻገረ ይከበራል፣ ሸሽቶ ወንዝ የተሻገረ ከፎቶ ይቆረጣል፤ ለሱ ይህ እንደ ቀንና ሌሊት ግልጽ ነው። «እንግዲያው እኔንም ቁረጡኝ» ብዬ ዘጋሁበት።

ሃርሜ ግን ስነግራት ሰምቼ የማላውቀውን ቁጣ አወረደችብኝ። «አንቺ ብትቀሪ ለሱ ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ። «በስልክ ንግግር አድርጊ ብለውሽ የለም? እሺ በያቸው። ካባውን ሄጄ እኔ እቀበላለሁ። አንቺ ስሙን ጥሪው፣ ሰው ሁሉ ይስማው።»

«ሃርሜ፣ አንቺ እኮ እዚያው ነዋሪ ነሽ። ቂም ቢይዙብሽስ?»

«ያ ሰው እኔ ቤት አንጮቴ በልቷል፣ ልጄን ሰው አድርጓል። ከዚህ በኋላ ምን ያመጣሉ፣ ቅቤ አይገዙኝም?»

እሺ አልኩ። ለአቶ ገመቹ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሱም «ናፍቆት ነው፣ ይገባኛል» አለኝ።

የበዓሉ ዕለት አልተንሃይሙ ውስጥ አንሶላ የሚታጠብበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የመድረክ መሪው ስልኩን ማይክሮፎን ላይ ደቅኖ «አሁን በቀጥታ ከጀርመን አገር!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው የነቀምቴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስል ነበር። ከዚያ አመሰገንኩ። ዩኒቨርሲቲውን፣ የዲጋን ዳገት፣ እናቴን። ቀጠልኩና «ፎቶዬን ቀና ብላችሁ እዩት» አልኩ። «ትከሻዬ ላይ ያሉት ጣቶች የኮች ሰይድ ናቸው። ጊዳ አያና የተወለደው ሰይድ፣ ሁላችንንም…»

«ሄሎ? ሄሎ?» አለ የመድረክ መሪው።

«እሰማለሁ። ኮች ሰይድ!»

«ሄሎ? ይቅርታ፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ የጀርመን ኔትወርክ እያስቸገረን ነው።»

ጥርት አድርጌ እሰማው ነበር። ወንበር ሲጎተት እንኳ እሰማ ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ስሙን ጮህኩ፤ እነሱ አጨበጨቡልኝ፣ ስልኩም ተዘጋ። በሕይወቴ ስለ ጀርመን የተዋሸ ውሸት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለጀርመን አዘንኩላት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሩን ከፍታ ከማን ጋር እንደምጣላ ጠየቀችኝ። ከኔትወርክ ጋር አልኳት።

የቀረውን የነገረችኝ ሃርሜ ናት፣ አመሻሹ ላይ ደውላ። ሽማግሌው ካባውን ሊደርብላት ሲመጣ ከእጁ ተቀበለችው። ትከሻዋ ላይ አላስደረገችም። እዚያው መድረክ ላይ በሥርዓት አጣጥፋ ይዛ የመጣችው ፌስታል ውስጥ ከተተችው። «የሰው ልብስ አልለብስም፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይለብሰዋል» አለች በኦሮምኛ፣ ያለ ማይክሮፎን።

«ታዲያ ሰዉ ምን አለ?»

«አጨበጨበ» አለችኝ ደክሟት። «ባለቤቱ ያልኩት አንቺን መሰላቸው። እንዴት ያለች ትሑት እናት አሉ። ስወጣ ግድግዳው ጋ ሄጄ እነዚያን ጣቶች ዳሰስኳቸው። መስታወት ነው፣ ይቀዘቅዛል።»

ለኮች የደወልኩት በማግስቱ ነው፣ ከብሎኬቱ ሥራ ሲመለስ። ሁሉንም ነገርኩት። አቋርጦኝ አያውቅም፣ ያን ቀንም አላቋረጠኝም።

«ካባው ምን ዓይነት ነው?» አለኝ ስጨርስ።

«ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ወርቃማ።»

«እንዳው ድንኳን ውስጥ ምን ላይ እሰቅለዋለሁ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ሃርሜን አመስግኚልኝ። አንቺ ግን ለመሆኑ ያን ውሃ ምን አደረግሽው? ስትተፊው ደውይልኝ ብዬሽ አልነበር?»

ይህን ሁሉ ዓመት ስንደዋወል አንስቶት አያውቅም፤ የረሳው መስሎኝ ነበር።

«ኮች» አልኩት፣ «ቦሌ ላይ ዋጥኩት።»

«ኧረ በይ!»

«ምክንያትሽ ምንድን ነው ሲሉኝ።»

ከኋላው ሰው ሲጠራራ፣ ጀሪካን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«የዋጠ ምን ያደርጋል?»

«ወደ ድልድዩ ይመለሳል።»

«ይመለሳል» አለ።

አብሽሪ፣ ድልድዩ አልሄደም፣ እዚያው ነው እንዲለኝ ጠበቅኩት። አላለም። ስልኩን ሁለታችንም ጆሯችን ላይ እንደያዝን ብዙ ቆየን፤ በአፍንጫው ሲተነፍስ እሰማው ነበር፣ እኔም በአፍንጫዬ።